ወጣቶችን በማሳደግ የተመሠረተ የብስክሌት ቡድን ታሪክ

በብስክሌት ውድድር የሚተዳደር ቡድን ድል የሚያገኝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ስማቸው የታወቀ ተወዳዳሪዎችን በብዙ ገንዘብ መቅጠር ነው፤ ሁለተኛው፥ ገና ያልታወቁትን ወጣቶች ፈልጎ፥ አሠልጥኖና ታግሦ ለድል ማብቃት ነው። ሁለተኛው መንገድ ርካሽ መስሎ ስለሚታይ ብዙዎች ያመሰግኑታል። ዳሩ ግን ወጣትን ማሳደግ አንድ ነገር ሲሆን፥ ያሳደጉትን ወጣት ይዞ መቆየት ሌላ ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በደቡብ አፍሪካው በኩቤካ ቡድን ታሪክ ለማስረዳት ይሞክራል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ የብስክሌት ውድድር አዲስ ነገር አይደለም። በኢጣልያኖች ዘመን በአሥመራ ሥር የሰደደው ይህ ስፖርት በ1946 ዓ.ም. ኤርትራን የሚዞር ውድድር እስከ መደረግ ደርሶ ነበር። ኢትዮጵያም በ1956 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮችዋ ጋራ ብስክሌተኞችን አሰልፋለች። ስለዚህ የጎደለው ችሎታ አልነበረም፤ ባለ ችሎታውን ወጣት ከአገሩ ዳገት አንሥቶ በአውሮፓ ከሚደረገው ታላቅ ውድድር የሚያደርስ መሰላል ነበር እንጂ። የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን የተተከለው፥ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ2002 ዓ.ም. በስዊስ አገር በኤግል ከተማ የማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፍትና በኋላም በደቡብ አፍሪካ ቅርንጫፍ ሲያቋቁም ነው። የኤርትራው ዳንኤል ተክለ ሃይማኖት በኤግል ከሠለጠኑት አንዱ ነው።

ሁለተኛውን እርከን የሠራው፥ በ1996 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ ለደቡብ አፍሪካ የተወዳደረው ዳግላስ ራይደር ነው። የመራው ቡድን ገንዘቡን ከስልክ ኩባንያው ከኤምቲኤን፥ የስሙን ግማሽ ደግሞ ከኩቤካ አገኘ። ኩቤካ በዙሉ ቋንቋ ወደ ፊት መራመድ ማለት ሲሆን፥ ዛፍ ለሚተክሉና በትምህርታቸው ለሚተጉ ልጆች ብስክሌት የሚሰጥ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም ነው። ቡድኑ በ2013 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው ደረጃ ወጣ። የመቐለው ጽጋቡ ግርማይ በ2012፥ ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ማይንኪስ በ2013፥ ዳንኤልና ሌላው ኤርትራዊ መርሃዊ ቅዱስ በ2014 ዓ.ም. ገቡበት።

ራይደር ግን ቡድኑን በወጣት ብቻ አልሞላውም። በብስክሌት ውድድር ከፊት የሚሄደው ነፋሱን ይገፋል፤ ከኋላው የተጠጋው ጉልበቱን ይቈጥባል። ስለዚህ አንድ ሰው የሚያሸንፈው፥ ጓደኞቹ ነፋሱን ሲከላከሉለት፥ ውሃ ሲያቀብሉትና ቀድሞ ያመለጠውን ሲያሳድዱለት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለው ተረት በዚህ ስፖርት በግልጽ ይታያል። ይህንንም ጥበብ ወጣት የሚማረው ልምድ ካለው ተወዳዳሪ ጐን ነው። ከዚህም በላይ፥ የሁለተኛ ደረጃ ቡድን ወደ ታላላቆቹ ውድድሮች የሚገባው ሲጋበዝ ነው፤ ለመጋበዝም ስም ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ጌራልድ ቺዮሌክ በ2013 ዓ.ም. በረዶ እየወረደ የተደረገውን የሚላኖ ሳን ሬሞ ውድድር ባሸነፈ ጊዜ፥ ድሉ የአንድ ባለ ልምድ ሰው ቢሆንም የተጠቀሙት ወጣቶቹም ናቸው። ቡድኑ በ2014 የእስፓንያን ዙር፥ በ2015 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን ተካፈለ።

በአፍሪካ የተመዘገበ ቡድን በቱር ደ ፍራንስ ሲሰለፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከ9ኙ ተወዳዳሪዎች 5ቱ አፍሪካውያን ሲሆኑ፥ የ21 ዓመቱ መርሃዊ በዚያ ዓመት ከተሰለፉት ሁሉ በዕድሜ ታናሹ ነበር። ጁላይ 9 ቀን ዳንኤል ለዳገት መሪ የሚሰጠውን ባለ ቀይ ነጠብጣብ ማልያ ለበሰ፤ ከአፍሪካውያንም የመጀመሪያው ሆነ። ጁላይ 18 ቀን፥ የኔልሰን ማንዴላ መታሰቢያ በሆነው ዕለት፥ እንግሊዛዊው ስቲቭ ከሚንግስ በመንድ ከተማ የዕለቱን ድል አገኘ።

የታሪኩ አስቸጋሪ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተመልካች በየመንገዱ ዳር በነጻ ስለሚቆም የብስክሌት ቡድን የመግቢያ ገንዘብ አይሰበስብም። እንደ እግር ኳስም ተጫዋች አሳልፎ በመስጠት ገንዘብ መቀበል እምብዛም አልተለመደም፤ ወጣቱ ውሉ ሲያልቅ ወደ ፈለገው ይሄዳል፥ ያሳደገውም ቡድን ባዶ እጁን ይቀራል። ጽጋቡ ከ2014 በኋላ ወደ ኢጣልያው ላምፕሬ ሄደ፤ በ2016 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነውም በዚያው ቡድን ማልያ ነው። ማይንኪስም ላምፕሬን ተከትሎ በዚያው ቱር 8ኛ ወጣ። መርሃዊም ከ2018 በኋላ ወደ አስታና ተዛውሮ በ2019 ዓ.ም. የሩዋንዳን ዙር አሸነፈ።

ቡድኑ ራሱ በ2016 ዓ.ም. ዳይሜንሽን ዳታ በሚል ስም ወደ አንደኛው ደረጃ ሲወጣ፥ ማርክ ካቨንዲሽ በቱሩ 4 የዕለት ድሎች አስገኘለት። ለወጣቶችም በኢጣልያ በሉካ ከተማ ታናሽ ቡድን ነበረው። ሆኖም በላይኛው ደረጃ ነጥብ ይፈለጋል፤ ነጥብ የሚያመጣው ደግሞ ዛሬ የሚያሸንፈው እንጂ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያሸንፈው አይደለም። በ2020 መጨረሻ ዋናው የገንዘብ ደጋፊ ኤንቲቲ ተለየ። በ2021 በኢጣልያ ዙር 3 የዕለት ድሎች ቢገኙም፥ የሚተካ ባለ ገንዘብ ስላልተገኘ በዓመቱ መጨረሻ ቡድኑ ተበተነ።

ከዚህ ተነሥቶ ሥራው ከንቱ ነበር ማለት ስሕተት ነው። ቡድኑ ከተበተነ ሦስት ወር ሳይሞላ፥ ማርች 27 ቀን 2022 ዓ.ም.፥ በኤግል የሠለጠነው የአሥመራው ቢንያም ግርማይ የቤልጅግን ጌንት ቬቬልገም ያሸነፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ፤ በ2024ም በቱሩ 3 የዕለት ድሎችንና አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። ቢንያም የኩቤካ ልጅ አይደለም፤ የተወዳደረው ለቤልጅጉ ኢንተርማርሼ ነው። ነገር ግን አንድ አፍሪካዊ ወጣት በቱሩ ማልያ ሊለብስ እንደሚችል ከእርሱ በፊት ያሳየው ዳንኤል ነው።

እንግዲህ ወጣትን ለማሳደግ ማሠልጠኛ፥ ባለ ልምድ ጓደኛና የሚታገሥ ገንዘብ ያስፈልጋሉ። ኩቤካ ሁለቱን አግኝቶ ሦስተኛውን አጣ። ያሳደገ ቡድን ካሳደገው ወጣት ድርሻ የሚያገኝበት ሕግ እስኪሠራ ድረስ፥ የሚዘራው አንዱ፥ የሚያጭደው ሌላው ሆኖ ይኖራል።