ሦስት ቀን

የካናዳን የኮሮና ታሪክ ብዙዎች ከኦታዋ ይጀምሩታል። እኔ የምጀምረው ኦንታሪዮ፣ ብራምፕተን ውስጥ ከምሠራበት መጋዘን ነው። ጃንዋሪ 2021 አንድ ጠዋት፣ አጠገቤ ዕቃ የሚያሽግ ያገሬ ልጅ ያስላል።

«ወንድሜ፣ ቤትህ አትሄድም እንዴ?»

«የዛሬዋን ማን ይከፍለኛል?»

ጥያቄው ታሪክ አለው። ካናዳ ውስጥ የአብዛኛው ሠራተኛ የሥራ ሕግ የክፍለ ሀገር ጉዳይ ነው። ኦንታሪዮ ደግሞ አሠሪ በግድ ይከፍልባቸው የነበሩትን ሁለት የሕመም ቀናት ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ሰርዛለች፤ ወረርሽኙ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው!

የፌዴራል መንግሥቱ በ2020 ገቢያቸው ለተቋረጠ ሰዎች በየአራት ሳምንቱ 2,000 ዶላር ሰጠ። እውነት ለመናገር ብዙ ቤት አትርፏል። በኦክቶበር ለታመመ ሠራተኛ በሳምንት 500 ዶላር ጨመረ። ግን ይህን ለማግኘት ቢያንስ የሳምንቱን ግማሽ ከሥራ መቅረት፣ ከዚያ ማመልከት፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ለአንድ ጠዋት ሳል አይሆንም።

ኦንታሪዮ የኦታዋ ድጎማ አለ አለች፤ ኦታዋ አሠሪን ማስገደድ የክፍለ ሀገሩ ድርሻ ነው አለች። ሁለቱ ሲገፋፉ ሦስተኛው ማዕበል ደረሰ። ኦንታሪዮ የሚከፈልባቸው የሕመም ቀናት በሕግ የፈቀደችው በኤፕሪል 2021 መጨረሻ ነው። ስንት? ሦስት። በቫይረሱ የተያዘ ሰው ግን ቢያንስ አሥር ቀን ተለይቶ መቀመጥ ነበረበት።

ልጁ ያን ቀን ሺፍቱን ጨርሶ ወጣ። እኔም እየፈራሁ አጠገቡ ዋልኩ፤ የእኔንም ቀን የሚከፍል አልነበረም።