የአንድ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ታሪክ

ዛሬ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ኤሌክትሮኒክስ የሚሞክሩ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ "ቲቸር፣ ትንሽዬ ድሪል ከየት እናገኛለን?" ልጆቹ ሰርኪዩት ቦርድ በራሳቸው መሥራት ጀምረዋል። መዳቡን በፌሪክ ክሎራይድ አጥበው መስመሩን ያወጣሉ፣ እዚህ ድረስ ጎበዞች ናቸው። መብሳት ላይ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። ፒያሳን ብትወጡ ብትወርዱ ድሪል አይጠፋም፤ ግድግዳ የሚበሳ አለ፣ የብረት በር የሚበሳ አለ። የአይሲ እግር የሚገባበትን ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አስተካክሎ የሚበሳ ነው የጠፋው።

"የታሪክ መምህር ድሪል ውስጥ ምን አገባህ?" የምትሉ ታገሱኝ፤ ነገሩ ታሪክ አለው።

የኢንዱስትሪ አብዮትን ስናስተምር "ጄምስ ዋት፣ የእንፋሎት ሞተር፣ እ.ኤ.አ. 1769" ብለን እናልፋለን። ልጁም ሸምድዶ ይፈተናል። በቃ። ግን 1769 ዋት የፈጠራ መብት ወረቀት ያገኘበት ዓመት ነው፤ ሞተሩ ሥራ ላይ የዋለው በ1776 ነው። በመሀል ምን ሆነ? ትልቁ ችግር ሲሊንደሩ ነበር። በጊዜው የነበሩት ባለሙያዎች የሚሠሩት ሲሊንደር ልክ ክብ አይሆንም፤ እንፋሎቱ በፒስተኑ ጎንና ጎን ሾልኮ ያመልጣል። ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ቀዳዳው ጠማማ ስለሆነ ብቻ ሞተሩ ለዓመታት አልሠራ አለ።

ችግሩን የፈታው ጆን ዊልኪንሰን የሚባል የብረት ፋብሪካ ባለቤት ነው። ሰውየው በ1774 ለመድፍ መቦርቦሪያ የፈጠራ መብት አውጥቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የዋትን ሲሊንደር ለመቦርቦር ሲነሳ ዘዴውን ቀየር አደረገው፦ መቁረጫውን የሚሸከመው ዘንግ ሲሊንደሩን ከዳር እስከ ዳር አልፎ በሁለቱም ጫፍ ድጋፍ ላይ እንዲያርፍ አደረገ። በአንድ ጫፍ ብቻ የተያዘ ዘንግ ይወዛወዛላ! 50 ኢንች፣ ማለትም 1.27 ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር ስህተቱ ከአንድ የሺሊንግ ሳንቲም ውፍረት አይበልጥም ተባለለት።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ዊልኪንሰን ኃይል አልጨመረም። የጨመረው ድጋፍ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ከ90 ዓመት በኋላ አፄ ቴዎድሮስም ይህንኑ ዓይነት ዕቃና ሙያ ይፈልጉ ነበር። በ1858 ዓ.ም. ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት ባለሙያና ማሽን ይዞ እንዲመጣላቸው ነው። እንግሊዞቹም አሰናድተው ልከው ነበር፤ ምጽዋ ድረስ ደርሷል። እስረኞቹ ካልተፈቱ አያልፍም ተባለና እዚያው ቀረ። መቅደላ የደረሰው ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል ብቻ ነው፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በገደልና በሸለቆ ወደ 6 ወር ለሚጠጋ ጊዜ ተጎትቶ። እነሆ እስከ ዛሬ ደቡብ ወሎያችን ውስጥ አለ። ሴባስቶፖልን የማያውቅ ተማሪ የለም። ምጽዋ የቀሩትን ማሽኖች ግን ማን ያስታውሳቸዋል? እኔን የሚያንገበግቡኝ እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ነው፤ የተለቀቀችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933። አምስት ዓመት ከ11 ቀን። ሰውየው ሄደ፣ ቃላቱ ግን ቀሩ። ፒያሳ ራሱ "አደባባይ" የሚል የጣሊያንኛ ቃል አይደል? ጋራዥ ግቡ፦ ሞርሳ፣ ፑንታ፣ ቶርኖ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ... ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። ሙያችንም ከመንገድና ከመኪና ጋር አብሮ አደገ። ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ መነሻ ነች፤ እስከ 1990 ድረስ የወደብ ጭነት በዚህ በኩል ሲተላለፍ ኖሯል። የከባድ መኪና ሻንሲ የሚበሳ ባለሙያ 10 ሚሊ፣ 16 ሚሊ ፑንታ ነው የሚያስፈልገው። በዚህ አናፍርም፤ ጋራዦቻችን የተካኑ ናቸው። ራዲዮና ሞባይል ጠጋኞቻችንም እንዲሁ፤ ነገር ግን ለጥገና የሚመጣ ቦርድ ቀዳዳው ውጭ አገር ተበስቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ትንሿን ቀዳዳ የሚፈልግ ሙያ ከተማችን ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። አሁን ልጆቹ መጡ።

እሺ፣ ምን ዓይነት ድሪል ይፈለግ?

ባለ 16 እግር አይሲ በአንድ ጎኑ 8 እግር አለው፣ በእግርና እግር መካከል 2.54 ሚሊ ሜትር። ግማሽ ሚሊ ከሳታችሁ አይገባም። ደግሞ ፋይበሩ ተራውን የብረት ፑንታ ቶሎ ያደንዘዋል። ካርባይድ ፑንታ ይጠነክራል፣ ግን ተሰባሪ ነው፤ በእጅ ይዛችሁ ትንሽ ካዘነበላችሁት ቀጭ! ፍጥነትም አለ። የ1 ሚሊ ፑንታ ጠርዝ በ10 ሚሊ ፑንታ ጠርዝ ልክ እንዲሮጥ 10 እጥፍ በፍጥነት መዞር አለበት (ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት)። ስለዚህ በደቂቃ 3000 ዙር የሚሄደው የግድግዳ ድሪል ለዚህ ሥራ ዘገምተኛ ነው።

ለዚህ ተብሎ የተሠራ ለምሳሌ የፕሮክሰን ቲቢኤም 220 አለ። በደቂቃ 1800፣ 4700 እና 8500 ዙር ይሄዳል። ጉልበቱ ስንት ይመስላችኋል? 85 ዋት! ከድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ያነሰ። ገንዘቡ የሚከፈለው ለማይነቃነቀው ምሰሶና ፑንታዋን አንቆ ለሚይዘው አፍ ነው። እና መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ርካሽ ዓይነቱን ስታገኙ ሻጩ ስለ ዋት ሲያወራ ዝም ብላችሁ ስሙት። እናንተ የ1 ሚሊ ፑንታ አስገብታችሁ፣ ከኋላ ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ አስነሱት። ፑንታዋ ስትዞር ወፍራ ከታየች መሀሏን ስታለች ማለት ነው። ከዚያ አጥፉት፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ ጭንቅላቱን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ወዝውዙት። ተንቀጫቀጨ? አመስግናችሁ ውጡ።

መግዛት ካልተቻለ ደግሞ የተሰበረ ማይክሮስኮፕ ፈልጉ። አትሳቁ! በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ስንት የቤተ ሙከራ ዕቃ እንዳጡ ታውቃላችሁ፤ ሌንሱ የጠፋ፣ አካሉ የቀረ ማይክሮስኮፕ ይኖራል። አካሉ ከባድ ብረት ነው፤ ማስተካከያውን ስታዞሩት በጥርስ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በሌንሱ ቦታ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ሞተር አጥብቃችሁ እሰሩበት፤ ቦርዱ ስላይድ የሚቀመጥበት ላይ ይተኛል። ዊልኪንሰን ቢያየው የሚስቅ አይመስለኝም። (ንብረት ክፍል በወረቀት ሳያስወግደው እንዳትነኩ! በኋላ እኔን እንዳታስጠይቁ።)

መጀመሪያ ጣውላ ላይ ተለማመዱ። የፋይበሩ ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። መነጽር ሳታደርጉም አትጀምሩ፤ 1 ሚሊ ካርባይድ ስትሰበር ወዴት እንደምትበር አይታይም።