ሦስት የሙዚቃ ሊቃውንት፥ አንድ ጓደኝነት



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሦስት የሙዚቃ ሊቃውንት ነው። እነርሱም ፒያኖ መቺው አልፍሬድ ኮርቶ፥ ቫዮሊን መቺው ዣክ ቲቦና ቼሎ መቺው ፓብሎ ካዛልስ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአንድነት ሲጫወቱ ኖረው፥ ዘመኑ ከባድ ጥያቄ ባቀረበላቸው ጊዜ ግን መልሳቸው አንድ አልሆነም። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ አጨዋወቱ ጥቂት ቃል እንናገር። ፒያኖ፥ ቫዮሊንና ቼሎ ተባብረው የሚያሰሙት ሙዚቃ ትሪዮ ይባላል። በትልቅ ኦርኬስትራ ፊት በትር ይዞ የሚመራ አለቃ ይቆማል፤ በትሪዮ ግን አለቃ የለም። ፒያኖው ድምፁን ካልገታ ሁለቱን ባለ አውታሮች ይውጣቸዋል፤ ቫዮሊኑም ብቻዬን ልቅደም ቢል ቼሎው ከኋላ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች የገዛ ድርሻውን አሳምሮ ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ የጓደኞቹንም ድምፅ ከራሱ ድምፅ እኩል ማዳመጥ አለበት።

ሦስቱ ሰዎች የመጡት ከተለያየ ስፍራ ነው። ኮርቶ በ1877 በስዊስ አገር በኒዮን ከተማ ተወልዶ በፓሪስ ተማረ። ገና ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው፥ በ1902፥ የቫግነርን ታላቅ ኦፔራ በፓሪስ መርቶ አሰማ። ቲቦ በ1880 በቦርዶ ከተማ ተወለደ። በ1896 ከፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንደኛ ሽልማት አግኝቶ ሳለ፥ ለዕለት እንጀራው በቡና ቤት ይጫወት ነበር፤ ኤድዋር ኮሎን የተባለው የኦርኬስትራ መሪ እዚያ ሰምቶት ከኦርኬስትራው አስገባው። ካዛልስ ደግሞ በ1876 በካታሎኒያ፥ በቬንድሬል ከተማ፥ ከቤተ ክርስቲያን የኦርጋን መቺ ተወለደ። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ በባርሴሎና ከአንድ የኖታ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ባሕ ለብቻ ቼሎ የደረሳቸውን ሥራዎች አገኘ፤ በሕዝብ ፊት ሳያሰማቸውም ዐሥራ ሁለት ዓመት አጠናቸው።

በ1905 ሦስቱ በፓሪስ ተገናኝተው ትሪዮአቸውን አቆሙ። እያንዳንዱ በየራሱ ስመ ጥር ስለ ነበረ፥ ለአንድነቱ ሥራ የሚተርፋቸው ጊዜ በዓመት ውስጥ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበረ። ዛሬ አጨዋወታቸውን የምናውቀው በሸክላ ስላስቀሩልን ነው። በ1926 በለንደን የሹበርትን ትሪዮ፥ በ1928ም ቤትሆቨን ለአርክዱክ ሩዶልፍ ያበረከተውን ትሪዮ ቀረጹ። በዚያ ዘመን የሸክላ አንዱ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙ የማያልፍ በመሆኑ፥ ሙዚቃውን ከመካከል እየቈረጡ፥ የተዉትን ስሜት እንደ ገና እያነሡ መጫወት ግድ ነበረባቸው። እንዲህም ሆኖ የሚሰማው ሰው አንድ ትንፋሽ የሰማ ይመስለዋል።

ትሪዮው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ተበተነ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን በያዘ ጊዜ ካዛልስ በጀርመን አገር ለመጫወት እንቢ አለ። በ1936 በስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ከሪፑብሊኩ ወገን ቆመ፤ ጄኔራል ፍራንኮ በ1939 ድል ባደረገ ጊዜም፥ በፈረንሳይ፥ ከስፓኝ ወሰን አጠገብ በምትገኝ ፕራድ በምትባል ትንሽ ከተማ ስደተኛ ሆኖ ተቀመጠ። እዚያም በየሰፈሩ ታጕረው ይሠቃዩ የነበሩትን ያገሩን ልጆች ይረዳ ነበር።

በ1940 ፈረንሳይ በጀርመን ጦር በተሸነፈች ጊዜ፥ ኮርቶ በማርሻል ፔታን መንግሥት ሹመት ተቀብሎ የሙዚቃን ጕዳይ ይመራ ጀመር፤ በ1942ም ወደ ጀርመን ሄዶ ተጫወተ። ቲቦ በአገሩ ቀርቶ፥ ከማርግሪት ሎንግ ጋር በ1943 እስከ ዛሬ የሚጠራውን የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር መሠረተ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ኮርቶ ተመርምሮ ለአንድ ዓመት ከሕዝብ ፊት እንዳይጫወት ታገደ። እንዲህ ባለ ዘመን ሹመት የሚቀበል ሰው፥ እኔ ባልይዘው ከእኔ የባሰ ይይዘዋል ብሎ ራሱን ማሳመኑ አይቀርም። ነገር ግን ወንበሩ የማን እንደ ሆነና በላዩ የሚፈረመው ወረቀት ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የተቀማጩ ግዴታ ነው። ካዛልስ በአንጻሩ ያለው መሣሪያ አንድ ቼሎ ብቻ ነበረ፤ ታላላቆቹ መንግሥታት ፍራንኮን እንዳልተዉት ባየ ጊዜ፥ ያንኑ ቼሎውን ከአደባባይ አነሣ። በ1950 የባሕ ሁለት መቶኛ ዓመት መታሰቢያ በደረሰ ጊዜ ዓለም ወደ ፕራድ ሄዶ ሰማው እንጂ እርሱ ወደ ዓለም አልወጣም።

ሦስቱ እንደ ገና ሊገናኙ አልቻሉም። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1953 ቲቦ የተሳፈረበት አውሮፕላን በአልፕስ ተራራ ላይ ወድቆ 42ቱም ሰዎች አለቁ፤ በ1720 የተሠራው ስትራዲቫሪዩስ ቫዮሊኑም አብሮት ጠፋ። በ1958 ግን የሰማንያ ዓመቱ ኮርቶ ወደ ፕራድ መጣ፤ የሰማንያ አንድ ዓመቱ ካዛልስም ተቀብሎት በሕዝብ ፊት ቤትሆቨንን አብረው ተጫወቱ።

ኮርቶ በ1962፥ ካዛልስም በ1973 በፖርቶ ሪኮ ዐረፉ። የካዛልስ ዐፅም ፍራንኮ ከሞተ በኋላ፥ በ1979፥ ወደ ተወለደባት ወደ ቬንድሬል ተመለሰ።

አድማጮቻችን፤ ካዛልስ ወዳጁን ተቀበለ እንጂ አቋሙን አልለወጠም፤ ይቅርታና መርሳት አንድ አይደሉምና። ኮርቶም ስለ ያዘው ወንበር ጣቶቹ ሊመልሱለት አልቻሉም። በሸክላው ላይ ፒያኖው ቼሎውን ሳይውጠው፥ ቫዮሊኑም ሳይቀድም፥ ሦስቱ ዛሬም ይሰማማሉ፤ የቀረውን ግን እያንዳንዱ ለብቻው መለሰ።