ልጆቻችን በመቅሄላ ምን ይዘምሩ?



ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆኗል። ስለዚህም በዓሉ ሲቃረብ መምህራን «የትምህርት ቤቱ መቅሄላ ከእናንተ ወገን የትኛውን መዝሙር ይዘምር?» ብለው ቢጠይቁን አያስገርምም። ለመመለስ ግን የመዝሙሮቹን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቶሎ የሚታወሰው «ሺር ሃማሳ» (የጉዞው መዝሙር) ነው። ቃላቱን በዕብራይስጥ የጻፈው ሐይም ኢዲሲስ፣ ዜማውን የደረሰው ሽሎሞ ግሮኒች ነው። ግሮኒች ከኢትዮጵያ ከመጡ ልጆች ጋር፣ ማለትም ከሽቫ (ሳባ) መቅሄላ ጋር የሠራው አልበም በ1993 ወጣ። ይህም በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሕዝብ በአንድ ቀን ተኩል ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መዝሙሩ የሚተርከው ግን በእግር ወደ ሱዳን የተጓዙትን ነው። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል።

ይህ መዝሙር ሊዘመር ይገባዋል። ነገር ግን በየዓመቱ እርሱ ብቻ ከተዘመረ፣ የክፍል ጓደኞች ወገናችንን የሚያውቁት በረሃብና በሞት ብቻ ይሆናል። ልጃችንም ከጉዞው በፊት ምን እንደነበርን አይማርም።

ከጉዞው በፊት ግን በጎንደር መንደሮች ልጆች ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ አይተው የኢየሩሳሌምን ደኅንነት በዜማ ይጠይቁት ነበር። ይህ ሌሎች ስለ እኛ የደረሱት ሳይሆን ልጆች ራሳቸው በአማርኛ የዘመሩት ነው። ሽመላ ዛሬም በዓመት ሁለት ጊዜ በእስራኤል ሰማይ ያልፋልና ለማንኛውም ተማሪ ማስረዳት ቀላል ነው። ቃሉ አጭር ስለሆነ ትንንሾቹም ቶሎ ይይዙታል።

የቄሶቻችን ጸሎት ግን ሌላ ነገር ነው። በግእዝና በከፊልም በአገውኛ የሚደርስ፣ በበዓላት ነጋሪትና ቃጭል የሚያጅቡት አምልኮ እንጂ የመድረክ ዘፈን አይደለም። ቢፈለግ እንኳ ቄስ ሳይጠየቅና ሳያስተምር አይሞከር። በከተማችን በአሽዶድ በ1994 የተቋቋመው የአንዳሉስያ ኦርኬስትራ የሞሮኮ አይሁድን ፒዩት ወደ መድረክ ያወጣው ዜማውን ከአባቶቻቸው ከተማሩ ፓይታኖች ጋር ነው። በ2006ም የእስራኤልን ሽልማት አገኘ። የአባቶችን ዜማ የሚያውቁት ሰዎች ሲመሩት ክብሩ እንደሚጠበቅ ከእነርሱ እንማራለን።

ለመምህራንም የምናሳስበው አለ። ዜማችን በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የቆመ ነው፤ አንዱ ሲያወርድ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ስለዚህ በአራት ድምፅ ከፋፍሎ ከፒያኖ ጋር ከማስጠናት ይልቅ አንድ ልጅ አውራጅ፣ ሌሎቹ ተቀባይ ሆነው በጭብጨባ ቢዘምሩ ዜማው ጠባዩን አይለቅም።

እንግዲህ በቅርቡ የገባችሁ ቤተሰቦች፣ ዕብራይስጡ ገና ስለሆነባችሁ ከትምህርት ቤቱ ደጅ አትራቁ። እዚህ የተወለዱት ልጆች የሚቸገሩበትን አማርኛ እናንተ አላችሁ። እማማም አባባም በልጅነታቸው የዘመሩትን ጠይቁ፤ በስልካችሁ ቅዱት፤ የመንደሩን ስም ጨምሩበት፤ ለመምህሯም ስጡ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየተለዩን ነውና ለሚቀጥለው ስግድ አናቆየው።