ድምፅ ከኮምፒዩተር ሲወጣ፤ የሳውንድ ካርድ ታሪክና የአመራረጡ ጉዳይ

በመገናኛ አደባባይ ዙሪያ በቆሙት ፎቆች፣ ኮምፒዩተርና የስልክ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ውስጥ፣ ስለ ድምፅ የሚቀርበው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ለሄድፎንና ለጠረጴዛ ስፒከር የሚሆን ጥሩ ሳውንድ ካርድ የትኛው ነው የሚል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ በቍጥር ይሰጣል። ሻጩ በካርቶኑ ላይ የታተመውን ያነባል፤ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ፣ 7.1 ቻናል ይላል፤ ገዢውም ቍጥሩ የበለጠውን ይዞ ወደ ኮተቤ ወይም ወደ ሲ.ኤም.ሲ. ታክሲ ይሳፈራል። እቤቱ ደርሶ ሲሰካው ግን ከስፒከሩ የሚወጣው «እምምም» የሚል የመብራት ጕምጕምታ እንደ ቀድሞው ሊሆን ይችላል።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት የዕቃውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። በካርቶኑ ላይ የሚታተሙት ቍጥሮች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የነበረውን ችግር የሚመለከቱ ናቸው፤ ያ ችግር ከተፈታ ቆይቷል። የዛሬው ችግር ያለው በሌላ ቦታ ነው፤ በኮምፒዩተሩ ሣጥን ውስጥ ባለው የኤሌክትሪክ ሁካታ፣ በሄድፎኑና በካርዱ መካከል ባለው የኢምፒዳንስ መጣጣም፣ እንዲሁም ከግድግዳው ሶኬት በስተጀርባ ባለው ወይም በሌለው የኧርዝ ሽቦ። ነገሩ ለማኅበራችን አባላት የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተከማቹት ካሴቶች፣ ፕላስቲካቸው ሳያረጅና ማጫወቻው ሳይጠፋ ወደ ኮምፒዩተር የሚገለበጡበት ጊዜ አሁን ነው፤ ገልባጩም ሊያርም የሚችለው ጆሮው የደረሰውን ብቻ ነው።

በቅድሚያ የአገራችን አድማጭ ጆሮ በምን እንደ ለመደ በአጭሩ እናስታውስ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ምእተ ዓመት መባቻ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ወዲህ፣ ለብዙ ዘመን የተቀዳ ድምፅ ግራማፎን ላለው ሰው ብቻ የሚደርስ ነገር ሆኖ ኖሯል። ሬዲዮ በ1928 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በጠላት ወረራ ምክንያት ተቋረጠ፤ ከነጻነት በኋላም ቀጠለ። በ1961 ዓ.ም. አቶ አምኃ እሸቴ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ የነበረውን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ሳይፈሩ አምኃ ሬኮርድስን አቋቋሙ፤ አገር ለቅቀው እስከ ሄዱበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች አወጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የካሴት ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያቀረበው ካሴት ዋጋው ርካሽ ነበር፤ በአውቶቡስም በሱቅ በራፍም ይሰማል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሰው ሁለት ቴፕ ካገኘ እቤቱ ቁጭ ብሎ ሊገለብጠው ይችላል። ሆኖም በካሴት ውስጥ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት፣ የሽሽታ መቀነሻ ካልተጨመረለት፣ 50 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው። ከቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ ሲወሰድ ደግሞ ይህም ያንሳል። ስለሆነም በካሴት ያደገው ትውልድ ሽሽታን የሙዚቃው አካል አድርጎ የለመደ ትውልድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኮምፒዩተር ወደዚህ ታሪክ የገባው እጅግ ደካማ በሆነ ድምፅ ነበር። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ያቀረበው ፒ.ሲ. የነበረው አንዲት ትንሽ ስፒከር ብቻ ስትሆን፣ እርስዋም ወይ «ክፍት» ወይ «ዝግ» የሚል ትእዛዝ እንጂ በመካከል ያለ መጠን አታውቅም ነበር። ለቢሮ ሥራ «ጢጥ» ማለት ይበቃል ተብሎ የታሰበ ይመስላል። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ሶኒና ፊሊፕስ ሲ.ዲ.ን አወጡ፤ ይኸውም እያንዳንዱን ናሙና በ16 ቢት የሚመዘግብ፣ በሰከንድም 44,100 ናሙናዎች የሚወስድ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጢጥ የሚል ማሽን፣ በሌላው ላይ ደግሞ የኦርኬስትራ ሙሉ ድምፅ የሚያወጣ ማሽን ማለት ነው። የሳውንድ ካርድ የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ታሪክ ይህን ልዩነት ለማጥበብ የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ የወሰደውም በካናዳ በኬቤክ ከተማ ማርቲን ፕሬቬል የተባሉ የቀድሞ የሙዚቃ ፕሮፌሰር ያቋቋሙት አድሊብ የተባለ ኩባንያ ነው። ካርዱ የያማሃን ዋይ.ኤም.3812 ቺፕ ይዞ 9 ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያሰማ ነበር። ዘዴው ጆን ቻውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የደረሱበትና ያማሃ በፈቃድ የወሰደው ነው፤ አንዱን ሞገድ በሌላው ሞገድ እያወዛወዙ አዲስ ድምፅ መፍጠር ነው። ያማሃ ዲ.ኤክስ.7 የተባለውን፣ በየአገሩ የሙዚቃ ባንድ ዘንድ የታወቀውን ኪቦርድ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው በዚሁ ዘዴ ነበር። አድሊብ እንግዲህ የዚያ ኪቦርድ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ሙዚቃ መሥራት ይችላል፤ የተቀዳ የሰው ድምፅ ለማጫወት ግን የተሠራ አልነበረም።

ይህን ጉድለት የሞሉት ሲንጋፖር ውስጥ በአንድ የገበያ ሕንጻ ላይ የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ከፍተው የጀመሩት ሲም ዎንግ ሁ ናቸው። የመገናኛ የጥገና ባለሙያዎቻችን ይህን ልብ እንዲሉት እንፈልጋለን። ክሪኤቲቭ የተባለው ኩባንያቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ሳውንድ ብላስተርን ሲያወጣ፣ በአንድ ካርድ ላይ ከአድሊብ ጋር የሚስማማውን ያማሃ ቺፕ፣ የተቀዳ ድምፅ ማጫወቻ፣ የማይክሮፎን መግቢያና የጨዋታ መቈጣጠሪያ መሰኪያ አንድ ላይ አስቀመጠ። የሚያጫውተው ድምፅ 8 ቢት ብቻ ነበር፤ ናሙናውም በሰከንድ 23,000 ያህል። ቢሆንም ገበያውን ወሰደው፤ አድሊብም እ.ኤ.አ. በ1992 ከሰረ። በዚያው ዓመት ሳውንድ ብላስተር 16 የሲ.ዲ.ውን ልክ፣ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ ደረሰበት።

በእኛ አስተያየት የቢት ፉክክር ቁም ነገሩ ያበቃው እዚያ ላይ ነው። 16 ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ርቀት ይሰጣል፤ የካሴት 50 እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። 24 ቢት በስሌት 144 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ሆኖም በካርዱ ላይ ያሉት ሬዚስተሮችና ትራንዚስተሮች ራሳቸው ከሚፈጥሩት ሽሽታ የተነሣ በጣም ጥሩ የሚባለው ዕቃ እንኳ ከ120 እምብዛም አያልፍም። ለሚቀዳ ሰው 24 ቢት ይጠቅማል፤ የድምፁን ከፍታ ሲያስተካክል መንፈላሰሻ ያገኛልና። ለሚያዳምጥ ሰው ግን ሽያጭ ማድመቂያ ነው። 7.1 የሚለውማ 8 ስፒከር ላለው ሰው የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ሁለት ስፒከርና አንድ ሄድፎን ላለው ሰው ምንም የሚነግረው ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ ካርዱ ራሱ ከዐይን ተሰወረ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1997 ኤ.ሲ.97 የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ከፍተኛ ጥራት ያለውን ተተኪውን ደንብ ሲያወጣ፣ የድምፁ ሥራ አንዲት ትንሽ ቺፕ ሆኖ በማዘርቦርዱ ላይ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ካርዶቹ ለጨዋታ ድምፅ የነበራቸውን የተለየ መንገድ ዘጋው። በአገራችን ብዙ ሰው የግል ኮምፒዩተር መግዛት የጀመረው በእነዚሁ ዓመታት ስለሆነ፣ አያሌ ተጠቃሚዎች ሳውንድ ካርድ የሚባለውን ነገር ለብቻው ሳያዩት ነው የኖሩት።

የዛሬው ችግር የተወለደውም በዚህ ጊዜ ነው። የኮምፒዩተር ሣጥን ለስሱ የአናሎግ ምልክት ክፉ ጎረቤት ነው። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቈጠር ጊዜ ይከፈታል ይዘጋል፤ የኃይል ማከፋፈያው በየቅጽበቱ ይቆርጣል ይቀጥላል፤ ይህ ሁሉ ከድምፁ ጋር አንድ የመመለሻ መስመር ይጋራል። አይጧን ሲያንቀሳቅሱ በሄድፎን ውስጥ ጭርጭር የሚል ድምፅ የሰማ ሰው የሰማው ይህንኑ ነው። መፍትሔውም የቢት ቍጥር መጨመር ሳይሆን ድምፁ ወደ አናሎግ የሚለወጥበትን ቦታ ከሣጥኑ ማውጣት ሆነ። ለዩ.ኤስ.ቢ. መስመር የድምፅ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለወጣለት፣ በገመዱ ውስጥ የሚሄደው ገና አሐዝ እንጂ ድምፅ አይደለም፤ አሐዝን ደግሞ ጕምጕምታ በቀላሉ አያበላሸውም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 የጃክ ቀዳዳውን ከስልኩ ላይ ሲያነሣ በምትኩ የሰጠው የጣት ጫፍ የምታህል አስማሚ፣ በውስጧ ሙሉ ሳውንድ ካርድ መያዟን ብዙ ሰው አላስተዋለም።

ወደ ሄድፎኑ እንምጣ፤ ምርጫ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ሄድፎን በኢምፒዳንስ ይለያያል። በየሱቁ የሚገኘው 16 ወይም 32 ኦም ነው፤ የስቱዲዮው 250፣ 300፣ አልፎም 600 ኦም ሊደርስ ይችላል። 1 ቮልት የሚያወጣ ካርድ ለ32 ኦም ሄድፎን 31 ሚሊዋት ሲሰጥ፣ ለ300 ኦሙ ግን የሚሰጠው 3.3 ሚሊዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር ዘመድ የላከለትን ባለ 300 ኦም ሄድፎን በላፕቶፑ ላይ ሰክቶ «ድምፁ ሞተ» የሚል ሰው፣ የጎደለው ቢት ሳይሆን ቮልት ነው። 2 ቮልት የሚያወጣ ካርድ ኃይሉን 4 እጥፍ፣ ወደ 13 ሚሊዋት ያደርስለታል።

ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ ያለው ሄድፎን ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይጎዳል። የካርዱ የራሱ የመውጫ ኢምፒዳንስ 75 ኦም ነው እንበል። ሄድፎኑ በመካከለኛው ድምፅ ላይ 32 ኦም ሆኖ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ወደ 100 ኦም የሚወጣ ከሆነ፣ በመካከለኛው ላይ ከቮልቱ 30 በመቶ፣ በወፍራሙ ላይ ግን 57 በመቶ ይደርሰዋል። ልዩነቱ 5.6 ዴሲቤል ነው፤ ማንም ቀጅ ያላሰበው ባስ ተጨመረ ማለት ነው። የመውጫው ኢምፒዳንስ 2 ኦም ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል በታች ይሆን ነበር። የካርዱ መውጫ ከሄድፎኑ አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ የሚለው የባለሙያዎች ልማድ ከዚህ የመጣ ነው። ይህ ቍጥር ግን በካርቶኑ ፊት ላይ ብዙ ጊዜ አይታተምም፤ ገዢው ጠይቆ ወይም በመመሪያው ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ስለ ጠረጴዛ ስፒከር የምንለው ጥቂት ነው። አምፕሊፋየሩ በውስጡ ስላለ ከካርዱ ጕልበት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጸጥታ ነው። የኮምፒዩተሩን ድምፅ ከፍ አድርጎ የስፒከሩን ቍልፍ ዝቅ ማድረግ ከተቃራኒው ይሻላል፤ ሽሽታው አብሮ አይጎላምና። ትልቁ ጠንቅ ኧርዝ ነው። በከተማችን የኧርዝ ሽቦ ያልተዘረጋላቸው አሮጌ ቤቶች አሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ላፕቶፑ በአንድ ሶኬት፣ ስፒከሩ በሌላ ሶኬት ሲሰካ በመካከላቸው የሚዞር የመብራት ጅረት ይፈጠራል። ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሶኬቱን የኧርዝ እግር መቁረጥ ግን፣ አንዳንዶች እንደ መድኃኒት ቢያወሩትም፣ ሕይወትን የሚያሳጣ ሥራ ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ ማዳመጥ። ጕምጕምታው ከጠፋ ካርዱ ንጹሕ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ በባትሪ የሚያዳምጥ ሰው፣ ሌላው ሁሉ ቢጎድልበት፣ ከሁሉ የጸዳ ድምፅ ያገኛል።

ይህ ለካሴት ገልባጩ ምን እንደሚያመጣ በአንድ መሣሪያ እንመልከት። ከመገናኛ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚያይ የእንጦጦ ተራራ ይታያል፤ በገና ደርዳሪው አቶ ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት እዚያ ነው። በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ ርቆ ስለቆየ፣ ከዚያ ዘመን በቤት ካሴት የተቀዳ የበገና ድምፅ ያለው ቤተሰብ ምትክ የሌለው ነገር ይዟል። በገና ደግሞ በጅማቱና በድልድዩ መካከል በሚገባው የእንዝራ ቁራጭ የተነሣ እየነዘረ የሚያዜም፣ ድምፀ ወፍራም መሣሪያ ነው። የመብራታችን ጕምጕምታ በ50 ኸርዝ ተነሥቶ በ100፣ በ150፣ በ200 ይከተላል፤ እነዚህም በበገናው ድምፅ መካከል ይገባሉ። ገልባጩ ከራሱ ኧርዝ የመጣውን ጕምጕምታ የካሴቱ መስሎት በማጣሪያ ቢቆርጠው፣ አብሮ የሚቆረጠው የበገናው አካል ነው፤ ትንሹ የጠረጴዛ ስፒከርም ወፍራሙን ድምፅ አሟልቶ ስለማያሰማ የጠፋውን አይነግረውም። ስለዚህ ማጣሪያውን ከመንካት በፊት ካሴቱን አቁሞ፣ ሄድፎን አድርጎ ማዳመጥ ይገባል። ካሴቱ ቆሞ ጕምጕምታው ከቀጠለ የካሴቱ አይደለም፤ መጀመሪያ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ቀጥሎ ገመዶቹ በአንድ ማከፋፈያ ይሰካሉ፣ ካርድ የሚለወጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካሴቱም ከመጀመሪያው እንደገና ይገለበጣል።