የቪዛውን ዋጋ ማን ይክፈል?

ከ1939 ዓ.ም. የግብርና ትምህርት ቤት ጀምሮ ሙያ ስታስተምር በኖረችው አምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በባኮም፣ ብየዳ ወይም የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተምረው በባሕር ማዶ ስፖንሰር የሚሆናቸውን አሠሪ የሚሹ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። የባለሙያ ጉዞ ግን ሁልጊዜ ወደ ውጭ ብቻ አልነበረም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ አርመናውያንን ለሙዚቃ ጓድ አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። ወጪውን የቻለው ሙያቸውን የፈለገው ቤተ መንግሥት እንጂ ልጆቹ አልነበሩም።

ሕጋችንም ከዚህ የራቀ አይደለም። እጅግ ብዙ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ በተባረሩበት በ2006 ዓ.ም. መንግሥት የሥራ ጉዞን አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የመድን ዋስትናንም ወጪ በአሠሪው ላይ ጣለ። ለሠራተኛው የተተወለት እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው ወጪ ነው።

እንግዲህ ደላላ «የቪዛውን አምጣ» ሲል የሚሸጠው ሥራ ነው ወይስ ዕዳ? በባሕረ ሰላጤው አገሮች የከፋላ ሥርዓት የሠራተኛውን ሕጋዊ መኖሪያ ከአሠሪው ፈቃድ ጋር አስሮ ኖሯል። በሬውን ሸጦ የሄደ በያጅ ሁለት ጊዜ ይታሰራል፤ በአሠሪው ወረቀትና በአገር ቤት ዕዳው። ደመወዙ ቢቀነስበት እንኳ ትቶ መመለስ አይችልም። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ወንድምዎ «ስፖንሰር አገኘሁ» ሲልዎ አስቀድመው የሚጠይቁት የአገሩን ስም አይሁን፤ ከፋዩ ማን እንደሆነ ይጠይቁት።