የተገራ የራዲካል ፖሊመራይዜሽን

ፖሊመር፣ ሞኖመር የሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዘው የሚፈጥሩት ረጅም ሞለኪውል ሲሆን፣ የመያያዙ ሂደት ፖሊመራይዜሽን ይባላል። ሂደቱን የሚመራው ራዲካል፣ ማለትም ጥንድ ያላገኘ ኤሌክትሮን የያዘ ሞለኪውል፣ በሆነ ጊዜ ሰንሰለቱ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል፤ ይሁን እንጂ ሁለት ራዲካሎች ሲገናኙ ስለሚጠፋፉ እድገቱ በድንገት ይቋረጥና አጭርና ረጅም ሰንሰለት የተደባለቀበት ውጤት ይገኛል።

ኮንትሮልድ ራዲካል ፖሊመራይዜሽን የተባለው ስልት ይህን ጉድለት የሚያርም ሲሆን፣ በአማርኛ «የተገራ» መባሉ «ቁጥጥር የተደረገበት» ከመባሉ ይሻላል። ቁጥጥር ከውጭ ሆኖ መጠበቅን ያመለክታል፤ የተገራ ፈረስ ግን ጉልበቱን ሳያጣ መሮጥንም መቆምንም ያውቃል፤ የስልቱም ምስጢር ይኸው ነው። በ1995 ክርዚዝቶፍ ማትያሼቭስኪና ጂን-ሻን ዋንግ በፒትስበርግ ባሳዩት መንገድ፣ የመዳብ ውሕድ ከሰንሰለቱ ጫፍ ክሎሪን ወይም ብሮሚን ሲወስድ ሰንሰለቱ ነቅቶ ያድጋል፣ መልሶ ሲሰጠው ያሸልባል። በማናቸውም ቅጽበት አብዛኞቹ ሰንሰለቶች ያሸለቡ ስለሆኑ የነቁት ጥቂቶች እምብዛም አይገናኙም፤ ሁሉም በተራ እየነቁ ተቀራራቢ ርዝመት ይደርሳሉ። በዚያው ዓመት የኪዮቶው ሚትሱኦ ሳዋሞቶና ባልደረቦቹ በሩቴኒየም ውሕድ ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል። ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረትም በ2010 «ኮንትሮልድ» በሚለው ፈንታ መንቃትና ማሸለብ መመላለሳቸውን የሚገልጽ ስም እንዲመረጥ መክሯል።

የስልቱ ዋጋ ጎልቶ የሚታየው በቅርንጫፋም ፖሊመር፣ ማለትም ከአንድ በላይ አቅጣጫ በሚዘረጋ ሰንሰለት፣ ሥራ ላይ ነው። አራት የመነሻ ነጥብ ካለው አስጀማሪ ሞለኪውል ባለ አራት ክንድ ኮከብ ይወጣል፤ ሞኖመሩ ራሱ የመነሻ ነጥብ ሲሸከም ደግሞ ቅርንጫፉ ቅርንጫፍ እያበቀለ ይሄዳል። ክንዶቹ እኩል ካልሆኑ በፖሊመሩ ጠባይ ላይ የታየው ለውጥ ከቅርጹ ይምጣ ከርዝመቱ መለየት ስለማይቻል፣ ቅርጽን ለሚያጠና ተመራማሪ የተገራው ስልት የግድ ያስፈልጋል።

ኬሚስቶቹ ዚምና ስቶክማየር በ1949 እንዳሰሉት፣ ባለ አራት ክንዱ ኮከብ በመጠን ስፋቱ፣ ይኸውም በአማካይ የራዲየሱ ካሬ ሲለካ፣ እኩል ክብደት ካለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት 0.625 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በቀጥተኛ ሰንሰለቶች የተለካካና ሞለኪውሎችን በመጠናቸው የሚለይ መሣሪያ የቅርንጫፋሙን ክብደት አሳንሶ ያሳያል፤ እውነተኛው ክብደት ግን የሟሟው ፖሊመር የሚበትነውን ብርሃን በመለካት ሊታወቅ ይችላል።